ደህና ነው ያለው ሰፈር

የፋኢዛ አክስት መርየም ከቢስቲማ ባዶ እጇን መጣች። «እና ምን ይጠበስ?» የሚል ሰው መርየምን አያውቃትም ማለት ነው። ሴትዮዋ ለአንድ አዳር እንኳ ስትመጣ ማሽላውን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቅቤውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዶሮውን እግሩን አስራ ነው። ከሚኒባሱ ረዳት ጋር በጭነት ዋጋ ትጨቃጨቃለች፣ ትሳደባለች፣ በመጨረሻ መርቃው ትወርዳለች። ግቢው በር ላይ ቆማ «የሰው ያለህ፣ ተቀበሉኝ!» ስትል መምጣቷን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ትናንት አመሻሽ ላይ ግን አንዲት ቀጭን ፌስታል አንጠልጥላ፣ በሩን በዝግታ ገፋ አድርጋ ገባች። «ጉልበቴን ልታከም ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ፋኢዛን አቅፋ ሳመቻት፤ ለቀቀቻትና መልሳ ሳመቻት፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ከመጋረጃው ላይ የሌለ አቧራ ማራገፍ ጀመረች። እራት ሲቀርብ አንድ ጊዜ ጎረሰችና «ጾመኛ ነኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። በማታ የሚጾም ሙስሊም ፋኢዛ ከተወለደች አይታ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ልብ ብላለች፤ ልብ ማለት እንጀራዋ ነበር። ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሴቶች ፍተሻ ላይ ትሠራ ነበር። ያሠለጠኗት ሰዎች ከማሽኑ በፊት የሰው ፊት ማንበብ ነው ያስተማሯት። ሳይጠየቅ ምክንያት የሚደረድር፣ ሰላምታ የሚያበዛ፣ ዓይኑን የሚያሸሽ ተሳፋሪ ካጋጠመሽ ሻንጣውን ክፈቺ ተብላለች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ብትሄድ፣ ገበያ ብትወጣ ሰውን ሁሉ በዓይኗ ትፈትሻለች። ሥራው ሲቆም የዘመድ ልብስ ሱቅ ገብታ ስትሸጥ ከረመች፤ እዚያም ልብሱን ከሚያዩት ይልቅ በሩን በሩን የሚያዩትን ነበር የምትከታተለው። አሁን የተሻለ ነገር መጥቶላታል። የጭነት ፍተሻ ተቆጣጣሪ ሆና ልትቀጠር ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ጊዜው ያለፈበትን የደህንነት ማጣሪያዋን ማሳደስ ብቻ ነው። ቀጣሪዎቹ እስከ ነገ ማታ ይጠብቋታል፤ ከዚያ በኋላ ተጠባባቂዋ ትገባለች። ማሳደስ ሲባል እንደ መንጃ ፈቃድ በአንድ መስኮት አስገብቶ በሌላው መቀበል ይመስላል። የሚታደሰው ግን ወረቀቱ አይደለም፣ ሰውየው ነው። የት ኖርሽ፣ ከማን ዋልሽ፣ ዘመድሽ ማነው እየተባለ ከነሰፈር ከነጎረቤት ይበጠራል። ማመልከቻዋን ካስገባች ወዲህ ደግሞ የማይታወቁ ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ እንደሚዘዋወሩ ሰምታለች።

ጠዋት ስትነሳ እናቷ ፈትሂያ እንደወትሮው በሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የፈትሂያ ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ግን የግቢውን ሰው ሁሉ በእርምጃው ይለያል። ስልኩ ከጭኗ የማይወርደው በልጇ በሙንዚር ምክንያት ነው። ሙንዚር የፋኢዛ ታናሽ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ ላይ አርብ አርብ ይደውል ነበር። ከአረፋ በፊት አንድ አርብ ደወለና «እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ» ብሎ ዘጋ። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረምም ተጋመሰ፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ፈትሂያ «ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ነው» ትላለች። ፋኢዛ ግን የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። ጫካ ገቡ የሚባሉ የሰፈር ልጆች አሉ፤ ሙንዚርም ከመሄዱ በፊት ዝምታ አብዝቶ ነበር። ይህን ፍርሃቷን ለእናቷ ቀርቶ ለራሷም ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ስሙ በተነሳ ቁጥር ዝም ብሎ ሻይ መቅዳት ልማድ ሆኗል።

«ስለ ሙንዚር ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው» አለቻት ፈትሂያ። «ሠርቶ አዳሪ ነው በያቸው።»

«እላቸዋለሁ፣ እማ።»

መርየም ከጓዳ ብቅ አለችና የፋኢዛን ሻርፕ አስተካከለችላት። «ምነው ዛሬ ባትሄጂ?» አለች። «ነገ ነው የመጨረሻው ቀን፣ አክስቴ፤ ዛሬ ካልሄድኩ ሥራው ቀረ ማለት ነው» አለቻት። መርየም «ነገ» የምትለውን ቃል ስትሰማ እጇ ሻርፑ ላይ ቀረ። ከዚያ «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ» ብላ ለቀቀቻት። ለመንገደኛ «አላህ ያቅናሽ» ነው የሚባለው፤ አብሽሪ የሚባለው ለከፋው ሰው ነው፤ ምን አመጣው?

ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ረዘመባት። ባለሱቋ እትዬ ፀሐይነሽ የምላሷን ነገር ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ፋኢዛን ካየች «መቼ ነው የምትዳሪው? ጥርሴ ሳይረግፍ ሥጋ ልብላ እንጂ!» ሳትል አታሳልፋትም። ዛሬ ፋኢዛ ማስቲካና ውሃ ስጪኝ ብላ ብር ስትዘረጋላት እጇን ይዛ መለሰችላትና «ተይው፣ ሂጂ» አለቻት። ቀና ብላም አላየቻት፤ የሩዝ ከረጢት አፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሀጂ አብዱልወሀብ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሀጂ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሰፈሩ ቅሬ ሰብሳቢም ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው። በረንዳው ላይ አጠገባቸው የተቀመጡት ሰዎች እሷን ሲያዩ ወሬያቸውን ቆረጡ። የቅሬው ዕቃ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሀጂ ሰላምታዋን ከወንበራቸው ተነስተው መለሱላት። ሽማግሌ ለልጅ ብድግ አለ! «እናትሽ ደህና አደረች? አክስትሽስ? አንቺስ? ደህና ነሽ? ሰውነትሽ ደህና ነው?» እያሉ አንዱን ሦስቴ ጠየቋት። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው። ፋኢዛ ተናደደች። ተጠይቀዋል ማለት ነው፤ ስለ እሷ የሆነ ነገር ተናግረዋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን የሐረጎን ቁልቁለት ሚኒባሱ በጭጋግ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወረደ። ከጎኗ ያለው ሰውዬ የሽንኩርት ዋጋ ጨመረ ብሎ ያማርራል፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ሴቶች ቤት ኪራይ ተጨመረብን ብለው ይተክዛሉ። እሷ ግን በልቧ ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞረች ማን ምን አለ እያለች ትጠይቅ ነበር። ልጆቻቸውን አስጠንታለች፤ ቀብራቸው ላይ ቆማለች፤ ፀሐይነሽ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ሾርባ ያመላለሰችው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ምላስ ይፈታል? ፍተሻ ኬላው ጋ ሁሉም ወርዶ መታወቂያ አሳየ። ወታደሩ የእሷን ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰላት፤ ገልበጥ ማድረጉ ራሱ አስፈራት። ኮምቦልቻ ስትደርስ ጭጋጉ የለም፤ ከሙቀቱ የተነሳ ሻርፏን ላላ አደረገች።

የምትሄድበት የደህንነት ማጣሪያ ቢሮ ታፔላ የለውም። ከታች መድኃኒት ቤትና የሞባይል ጥገና አለ፤ በመካከላቸው ጠባብ ደረጃ። ሰው «ላይ» ብሎ ነው የሚጠራው። እገሌን ላይ ጠሩት ከተባለ ሻይ የሚጠጣው ሰው ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ጉዳዩን የያዘው ስማቸው የሚባል፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ቢጮህ፣ ጠረጴዛ ቢደበድብ ይሻላት ነበር። እሱ ግን በእጁ ውሃ ቀድቶ ሰጣት፣ ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞረላት፣ የሐረጎ ጭጋግ እንዴት እንደነበር ጠየቃት። ክፍሉ ውስጥ ከሁለት ወንበርና ከአንድ ጠረጴዛ በቀር ምንም የለም። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኖ፣ ከታች የሞባይል ጠጋኙ ሙዚቃ በስሱ ይሰማል። ፋኢዛ ውሃውን ይዛ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተፈታሽ ሆና ነው የተቀመጠችው፤ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት።

«ስለ አንቺ ችግር የለም» አለ ስማቸው። «ሰው ልከን አስጠይቀናል። ጎረቤቶችሽ ስለ አንቺ ሲጠየቁ አፋቸው አያርፍም፤ ምስጋናው በዛና ሰለቸን።» ፈገግ አለ። «ወንድምሽ የት ነው?»

«ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የመኪና ረዳት ነው።»

«የማን መኪና?»

አታውቅም። ስልኩ ከመቼ ጀምሮ እንደማይሠራ ጠየቃት፤ ነገረችው። ከማን ጋር እንደሄደ ጠየቃት፤ አታውቅም። እያንዳንዱ «አላውቅም» ከአፏ ሲወጣ ውሸት ውሸት ይሸታታል። እሷ ብትሆን ይህችን ሴት ሻንጣሽን ክፈቺ ትላት ነበር።

«የሚገርመኝ ምን መሰለሽ፣ እህቴ» አለ። «ሰፈራችሁ ስለ ወንድምሽ ሲጠየቅ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገረው። ደህና ነው። ባለሱቋም ደህና ነው። ልብስ ሰፊውም ደህና ነው። የት ነው ስንላቸው ዝም። ደህና መሆኑን በምን አወቃችሁ ስንላቸው መሬት መሬት ያያሉ። አንዷማ በሩን ዘግታብን ገባች። የተመካከረ ሰው እንዲህ ነው፤ አንቺም ሙያሽ ስለሆነ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ችግሩም እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት በገዛ ዓይኗ አይታዋለች።

«ነገ እስከ እኩለ ቀን አንድ ሰው አምጪልኝ» አለ ስማቸው። «የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ ይንገረኝ፣ ማጣሪያሽ በዚያው ሰዓት ይታደሳል። ካልሆነ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ የሥራ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። እሱን የሚፈልጉ ሰዎች ቤታችሁ ይመጣሉ። እናትሽ ዓይናቸው ደካማ ነው አይደል? ድንጋጤ ጥሩ አይደለም።»

ስለ እናቷ ዓይን የነገረችው ነገር አልነበረም። ውሃውን ሳትቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ትንሽ ፈሰሰ። ስማቸው በሶፍት ጠረገላትና በሩ ድረስ ሸኛት።

ዳገቱን ስትወጣ ፍርሃቷ ቀስ በቀስ ቁጣ ሆነ። ያውቃሉ ማለት ነው። ሙንዚር የት እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጫካ ነው ማለት ነው። ያልሰማነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ እነሱ ሲጠየቁ እንኳ አስመስለው መዋሸት አቅቷቸው እንደ ሕፃን መሬት ያያሉ። እኔን ሥራ አሳጡኝ፣ እናቴ ላይ ደግሞ የታጠቀ ሰው ሊጠሩባት ነው። መርየምም ሰምታለች፤ ለዚህ ነው የመጣችው፣ ጉልበት አይደለም። ፋኢዛ አንድ ጊዜ ከተናደደች ለማንም የማትመለስ ልጅ ናት። ደሴ ስትደርስ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ሀጂ አብዱልወሀብ በረንዳ ላይ ወጣች።

ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ነው የቀራት። ሀጂ የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው፤ ከጎናቸው አንድ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል። ፊቱ ፀሐይ ልጦት ቀለሙ ተዥጎርጉሯል፤ ያጠለቀው ጫማ ሰፍቶት የሰው መሆኑ ያስታውቃል። እትዬ ፀሐይነሽም እዚያው ናት፤ ሱቋን ያለ ሰዓቱ ዘግታለች።

«ሀጂ፣ ምን በደልኳችሁ?» አለች ፋኢዛ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ወንድሜ ጫካ ከገባ በፊቴ ንገሩኝ! የመጣውን ሰው ሁሉ ደህና ነው፣ ደህና ነው እያላችሁ በአንድ አፍ ስትመልሱለት እኔን ነው የገደላችሁኝ። ነገ እናቴ ቤት እሱን የሚፈልጉ ሰዎች ሊመጡ ነው፤ ታውቃላችሁ? የት እንዳለ ካወቃችሁ ነገ ጠዋት ኑና ተናገሩ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። ያ ፊቱ የተላጠ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ትክ ብሎ አያት። «ቁርጥ እሱን» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሀጂ በዓይናቸው ገሠጹት፤ ተቀመጠ።

«እንመጣለን፣ ልጄ» አሉ ሀጂ። ክሩን በጥርሳቸው ለመበጠስ ሞክረው አቃታቸው። «ነገ በማለዳ እንመጣለን። ኮምቦልቻ ግን አይደለም። ቤት ነው የምንመጣው። ከሱብሒ ሶላት በኋላ።»

የቅሬ ሰዎች ሳይነጋ ተሰብስበው በርህን የሚያንኳኩት ለምን እንደሆነ የማያውቅ የእኛ አገር ሰው የለም። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የሚደግፍ እጅ በዙሪያው ሲኖር። ፋኢዛ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያየችው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ገባላት። ባዶ እጇን የመጣችው መርየም፣ የማታው ጾም፣ አብሽሪ ማለቷ፣ ብር አልቀበልም ያለችው ፀሐይነሽ፣ የተከፈተው ዕቃ ቤት። ፊታቸውን በትክክል አንብባለች፤ የደበቁትን ነገር ነው የሳተችው። ፀሐይነሽ በብብቷ ገብታ ያዘቻት።

«የት?» አለች።

«ባሕር ላይ» አለ እንግዳው። ከቢስቲማ ማዶ የመጣ ነው፤ የሙንዚር ረዳትነት ውሸት ነበር፣ ሁለቱም ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩ ነበሩ። ጀልባዋ ስትገለበጥ ሙንዚር ዋና እንደማይችል፣ እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጀሪካን ይዞ እንዳደረ ነገራት። ሲናገር ሁለት እጁን እንደታቀፈ ነው። የቅሬው ሰዎች መርዶውን ያቆዩት እሱ ሁለተኛ የዓይን ምስክር ሆኖ እስኪመጣ፣ አክስቲቱም እስክትደርስ ብለው ነበር።

«ያ ከኮምቦልቻ የተላከው ሰውዬ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» አሉ ሀጂ። ዓይናቸው እንባ አቅሯል። «እናቱ ሳትሰማ ለማላውቀው ሰው ሞቷል ብዬ ልናገር? አፌ እንዴት ይታዘዘኛል? ሁላችንም ደህና ነው አልን። አንቺም ነገ ከእናትሽ ጋር ነበር የምትሰሚው፤ አላስችል አልሽን። አሁን እንዳትጮኺ፣ ልጄ። ቤቱ ቅርብ ነው። ይቺን ሌሊት ትተኛ። ይቺን አንድ ሌሊት እንተውላት።»

ፋኢዛ የሻርፏን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነከሰች። የሚያሳፍረው፣ ገና በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሳለች አንድ ሐሳብ ብልጭ ማለቱ ነው። ነገ ስማቸው የጠየቀው ሁሉ ይሟላል። የት እንዳለ የሚናገር ሰው ቁጭ ብሏል፤ ሰፈሩ አፉን ይከፍታል፤ ማጣሪያዋ ይታደሳል። ራሷን ጠላች። ፀሐይነሽ ወደ ሱቋ ጓሮ ወስዳ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበቻት፣ በነጠላዋ አደረቀቻት፣ «ድምፅሽን አስተካክዪ፤ እሷ በድምፅ ነው የምታውቀው» አለቻት። ፋኢዛ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አሁንም አሁንም ጠረገች።

ቤት ስትገባ መግሪብ ተብሏል። ፈትሂያ ሰግዳ ጨርሳ መስገጃዋን እያጠፈች ነው። መርየም ከምድጃው አጠገብ ሆና አየቻትና መርዶውን እንደሰማች ወዲያው ገባት። አምፖሉ ዛሬ ደመቅ ብሎ በርቷል። ግድግዳው ላይ የሙንዚር ጃኬት ከሄደበት ቀን ጀምሮ ባለበት ተንጠልጥሏል፤ ፋኢዛ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እርምጃሽ ከበደብኝ» አለች ፈትሂያ። «አለቀልሽ?»

«ነገ ያልቃል፣ እማ።»

«ስለ ሙንዚር ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

መርየም ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ፋኢዛ ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ዓይኗ ሳታስበው ወደ መሬት ወረደ።

«ደህና ነው አልኳቸው» አለች።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ፈትሂያ። እጇን ዘርግታ የልጇን ራስ አገኘችና ዳበሰችው። ከዚያ ስልኩን ከጭኗ አንስታ ሰጠቻት። «ባትሪው ሳያልቅ ሰኪልኝ። ነገ አርብ አይደል፣ በማለዳ ይደውል ይሆናል።»

ፋኢዛ ስልኩን ተቀብላ ሰካችው።